አውሬዎችን መድረክ ላይ ያወጡት ፊታውራሪ

ከአዲስ አበባ ተነሥቶ የአዋሽን ወንዝ የተሻገረ መንገደኛ በአሰቦትና በሚኤሶ ቆላ አልፎ ወደ ጨርጨር ተራሮች መውጣት ሲጀምር፣ በጥቂት ሰዓት ጕዞ ውስጥ ሁለት አገር ያያል። ከታች የደረቀ አሸዋማ ወንዝና የግራር ቍጥቋጦ፣ ከላይ ደግሞ ጉም የሚያለብሰው ጥድና ወይራ፣ ከዚያም ቡናና ጫት። በተራሮቹ ጥግ ላይ ዛሬ ጭሮ የምትባለው፣ ሽማግሌዎች ግን አሰበ ተፈሪ ማለትን ያልተዉላት ከተማ ተቀምጣለች። የቀድሞ ስሟ አንድ ሙሉ ዓረፍተ ነገር ነው፤ ተፈሪ አሰበ ማለት ነው። ተፈሪ ያሰቡትን ግን መሬት ላይ ቀይሰው ከተማ ያደረጉት ሌላ ሰው ናቸው፤ ፊታውራሪ ተክለ ሐዋርያት ተክለ ማርያም።

ስለ እኚህ ሰው የሚጻፈው ሁሉ በሕገ መንግሥቱ ወይም በጄኔቫ ይጀምራል። እኛ ልንጀምር የፈለግነው በአውሬዎቹ ነው። ምክንያቱም ተክለ ሐዋርያት በአገራችን የመጀመሪያውን ዘመናዊ ቴያትር የደረሱ ሰው ሲሆኑ፣ በዚያ ቴያትር የሚናገሩት ሰዎች ሳይሆኑ አራዊት ናቸው። ሌላም ምክንያት አለን። በመኝታ ቤታችንና በምግብ አዳራሻችን ማታ ማታ የሚነሣ አንድ የቆየ ክርክር አለ፤ ይኸውም የተማረ ሰው ራሱን ካለበት ዘመን ጋር ማስማማቱ ብልኀት ነው ወይስ ክሕደት የሚል ነው። ክርክሩ በተነሣ ቍጥር ከተከራካሪዎቹ አንዱ አራዊትን ምስክር አድርጎ መጥራቱ አይቀርም፤ ራሱን ያላስማማ ፍጡር ከምድር ጠፋ ይለናል። እንግዲህ አራዊቱ በእውነት የሚያደርጉትን፣ የአራዊቱም ደራሲ በሕይወት ዘመናቸው ያደረጉትን ጐን ለጐን ለማየት ሞክረናል።

ተክለ ሐዋርያት የተወለዱት በ1876 ዓ.ም. በሸዋ፣ ሰያደብር በተባለው አገር ነው። በልጅነታቸው ወደ ሐረር ሄደው ከራስ መኰንን ቤት ተጠጉ። በ1888 ዓ.ም. የዓድዋ ዘመቻ ሲነሣ ገና ዐሥራ ሁለት ዓመት ያልሞላቸው ልጅ ሳሉ ከጦሩ ጋር ሄዱ። ከድሉም በኋላ ሊዮንትየፍ ለተባለው ሩሲያዊ በአደራ ተሰጥተው ወደ ሩሲያ ተሻገሩ፤ በሴንት ፒተርስበርግም የመድፈኛ ትምህርት ተምረው የጦር መኰንን ሆኑ። ከዐሥር ዓመት በላይ በባዕድ አገር ቆይተው፣ ወደ ፈረንሳይም አልፈው የእርሻን ትምህርት ተመልክተው ሲመለሱ፣ ያገኟት ኢትዮጵያ ምኒልክ የታመሙባት፣ መኳንንቱም እርስ በርስ የሚጠባበቁባት ኢትዮጵያ ነበረች። በ1909 ዓ.ም. ልጅ ኢያሱን ከአልጋ ለማውረድ በተደረገው ነገር ውስጥ እጃቸውን ካስገቡት ሰዎች አንዱ ናቸው። ከዚያ በኋላ የጅጅጋ ገዥ ሆነው ያችንም ከተማ ቀይሰዋል። ይህን ሁሉ በሩጫ ያለፍነው ወደ ቴያትሩ ለመድረስ ቸኵለን ነው።

የቴያትሩ አነሣሥ ራሱ ለሣቅ የሚሆን ነው። ተክለ ሐዋርያት ቴያትር ይታያል ተብለው ወደ አንድ ግብዣ ይሄዳሉ፤ ያገኙት ግን ዘፈንና ጭፈራ ብቻ ነበር። በሩሲያና በፈረንሳይ ቴያትር ምን እንደ ሆነ አይተው የመጡ ሰው ናቸውና ይህን ዝም ብለው ማለፍ አልቻሉም። ቤታቸው ገብተው ፋቡላ የተባለውን፣ የአውሬዎች ኮሜዲያ የሚል ስም ያለውን ድርሰት ጻፉ። ድርሰቱም በ1913 ዓ.ም. ገደማ በአዲስ አበባ በቴራስ ሆቴል በመኳንንት ፊት ታየ።

መነሻቸው በ17ኛው መቶ ዘመን የነበረው የፈረንሳዩ ባለ ቅኔ የላ ፎንቴን ተረቶች ናቸው። ላ ፎንቴንም ቢሆን የሚኖረው ስለ ንጉሡ በግልጥ መናገር በማይቻልበት በሉዊ 14ኛ ዘመን ስለ ነበር፣ አንበሳውን ንጉሥ፣ ቀበሮውን ባለሟል፣ ተኵላውን ዳኛ እያደረገ ነበር የሚናገረው። ለእኛም አገር ነገሩ ፈጽሞ እንግዳ አልነበረም። ከእያንዳንዳችን መካከል በልጅነቱ የጅብና የአህያ ተረት ያልሰማ የለም። ከግሪክ ወደ ግእዝ የተመለሰው ፊሳልጎስም ከብዙ መቶ ዓመታት በፊት አንበሳ ከአዳኝ ለማምለጥ ዱካውን በጅራቱ እየጠረገ እንደሚሄድ ያስተምር ነበር። አንበሳ እንዲህ እንደማያደርግ ዛሬ እናውቃለን፤ ዳሩ ግን መጽሐፉ የጠየቀው ጥያቄ ትክክለኛ ነበር። አውሬ እንዴት ይድናል?

በዚህ ላይ ትንሽ እንቆይ፤ ምክንያቱም የተረት አውሬና የዱር አውሬ እጅግ ይለያያሉ። የተረት አውሬ ጠባዩን አይለውጥም። ቀበሮ ሁልጊዜ ተንኰለኛ፣ ጅብ ሁልጊዜ ሆዳም፣ አንበሳ ሁልጊዜ ንጉሥ ነው። የዱሩ አንበሳ ግን ዘውዱን የሚያጠልቀው ለአጭር ጊዜ ነው። መንጋውን የሚያቆሙት እርስ በርሳቸው የሚዛመዱ እንስቶች ናቸው፤ ወንዱ ከውጭ መጥቶ ይይዛቸዋል፤ አብዛኛውን ጊዜ ከሁለት ከሦስት ዓመት በኋላም ብርቱ መጥቶ ያባርረዋል። አዲስ የገባው ወንድ የቀድሞውን ደቦሎች መግደሉም የተለመደ ነው። በቴራስ ሆቴል የተቀመጡት መኳንንት ይህን ቢያውቁ ኖሮ የዱሩን አንበሳ ከተረቱ አንበሳ ይልቅ ወደ ቤተ መንግሥት የቀረበ ሆኖ ያገኙት ነበር ብለን እንገምታለን።

ጅብንም እንውሰድ። ከጅብ መንጋ የበላይ የምትሆነው ሴቷ ናት፤ ግልገሏም ከእናቱ ቀጥሎ ያለውን ማዕርግ ይወርሳል። ፈሪና የሰው ትራፊ ለቃሚ ነው ብንልም ራሱ አድኖ የሚበላበት ጊዜ ብዙ ነው፤ ጅብን ከሁሉ በላይ የሚያድነው ግን ያገኘውን መብላቱና ጊዜውን ማወቁ ነው። በትግራይ የተደረገና በ2004 ዓ.ም. የታተመ አንድ ጥናት የጅቦችን ኵስ ከዐቢይ ጾም በፊት፣ በጾሙ ጊዜና ከጾሙ በኋላ መርምሮ ነበር። ሰው ሥጋ ሲበላ ጅቡ የሚኖረው በየቤቱና በየቄራው በሚጣለው አጥንትና ቆዳ ነው። ሁዳዴ ሲገባ ግን የሚጣል ነገር ይጠፋል፤ በዚያን ጊዜ ጅቡ ፊቱን ወደ አህያ ያዞራል። ፋሲካ ሲመጣ እንደገና ወደ ቀድሞው ይመለሳል። ጾሙን የማይጾም፣ የጾሙን ቀን ግን እንደ ካህን አጥብቆ የሚያውቅ አውሬ!

ከጨርጨር ተራሮች በስተሰሜን ባለው ቆላ፣ በባቡሩ መሥመር ላይ በኤረር አካባቢ፣ ሃንስ ኩመር የተባለ የስዊዘርላንድ ሰው በ1953 ዓ.ም. ገደማ ዝንጀሮዎችን እየተከተለ ብዙ ወራት ቆይቷል። እነዚህ ጋማቸው ረጅም የሆነው የቆላ ዝንጀሮዎች ናቸው። ማታ በመቶ የሚቈጠሩት በአንድ ገደል ላይ ተሰብስበው ያድራሉ፤ ምክንያቱም ነብር የማይደርስበት ገደል ጥቂት ነው። ሲነጋ ደግሞ ምግቡ የተበታተነና ትንሽ ስለ ሆነ እነርሱም ይበታተናሉ፤ አንድ ወንድ ጥቂት እንስቶቹን ይዞ ለብቻው ይሰማራል። ወንዙ ሲደርቅ አሸዋውን በእጃቸው ቈፍረው ውሃ ያወጣሉ። ከአዋሽ ወዲያ ማዶ ያለው ሌላው የዝንጀሮ ዐይነት ግን ብዙ ወንዶች በአንድነት የሚኖሩበት መንጋ አለው፤ ሁለቱም ዐይነቶች በአዋሽ ዳር ይገናኛሉ፤ ይዋለዳሉም። ስለዚህ የዝንጀሮ መንግሥት ምን ዐይነት ነው ተብሎ ቢጠየቅ መልሱ እንደ አገሩ ነው። ኩመር ካያቸው ነገሮች ሁሉ እኛን የገረመን ሌላ ነው፤ እርሱን ግን ለበኋላ እናቆየዋለን።

ወደ ቴያትሩ እንመለስ። ነብር በዥንጕርጕር ቆዳው በጥላ ውስጥ እንደሚሸሸግ ሁሉ፣ ተክለ ሐዋርያትም የዘመኑን አስተዳደር ብልሹነት ሲነቅፉ በአውሬ ቆዳ ተሸሽገው ነበር። መሸሸግ ግን የሚጠቅመው የሚያየው ዐይን ካልተነቃ ነው። መኳንንቱ ነቁ። ነገሩ ወደ ንግሥት ዘውዲቱ ደረሰና ድርሰቱ ተከለከለ፤ የታተመውም ተሰበሰበ። ከዚያ ወዲያ እስከ ቀዳማዊ ኀይለ ሥላሴ ዘውድ መጫን ድረስ የኢትዮጵያ መድረክ ዝም አለ። የመጀመሪያው ቴያትራችን የመጀመሪያው የተከለከለ ቴያትራችንም መሆኑን ይህን መጽሔት በእጃቸው የሚያባዙ ጓደኞቻችን ልብ ይሏል።

ደራሲው ግን አልታሰሩም፤ እንዲያውም ጥቂት ቈይተው ተሾሙ። በ1910ዎቹ አጋማሽ አልጋ ወራሽ ተፈሪ ጨርጨርን ሰጧቸው፤ ጨርጨርም ለሌሎቹ አውራጃዎች ምሳሌ የምትሆን፣ አዲሱ አስተዳደር የሚሞከርባት አገር እንድትሆን ታሰበ። የአሰበ ተፈሪ ታሪክ የሚጀምረው ከዚህ ነው። በአውሬ ስም መንግሥትን የነቀፉት ሰው አሁን ራሳቸው መንግሥት ሆኑ፤ መንገድ አስወጡ፤ ቀየሱ፤ ግብር ወሰኑ።

ከተማ ሲቈረቈር ለሰው በጎ ነው፤ ለአውሬው ግን ሌላ ነገር ነው። ከአሰበ ተፈሪ ራቅ ብሎ በኩኒና በሙክታር ተራራ ላይ ያለው የደጋ አጋዘን ለዚህ ይጠቀሳል። ይህ እንስሳ ከኢትዮጵያ በቀር በየትም አይገኝም፤ የሚገኘውም በባሌ፣ በአርሲና በእኛው በጨርጨር ተራሮች ብቻ ነው። የዓለም ሳይንስ ስለ እርሱ የሰማው እንደ አውሮፓ አቈጣጠር በ1908 ባክስተን የተባለ እንግሊዛዊ ካደነው በኋላ ነው፤ የሳይንስ ስሙም በዚሁ ሰው ተጠራ። የጨርጨር ገበሬ አስቀድሞ የሚያውቀው መሆኑን ማንም አልጠየቀም።

በባሌ፣ በዲንሾ አካባቢ ጥበቃ ባለበት ስፍራ፣ ይህ አጋዘን በቀን በሰው ዐይን ፊት ይግጣል፤ ሰው በአጠገቡ ሲያልፍ ቀና ብሎ አይቶ ወደ ሣሩ ይመለሳል። በሚታደንበት ስፍራ ግን ያው እንስሳ ፈጽሞ ሌላ ነው፤ ቀኑን በጥቅጥቅ ደን ውስጥ ተኝቶ ይውላል፤ ሲመሽና ሊነጋ ሲል ብቻ ይወጣል። በብዙ የዓለም ክፍሎች የተደረገ ምርመራ እንደሚያሳየው፣ ሰው በበዛበት ስፍራ ሁሉ አያሌ የዱር እንስሳት ኑሯቸውን ከቀን ወደ ሌሊት አዛውረዋል። ሌሊቱም ዋጋ ያስከፍላቸዋል፤ ብርዱ አለ፤ ነብሩና ጅቡ አለ፤ ለግጦሽ የሚመቸውም ሰዓት ያልፋል። በ1980ዎቹ መጀመሪያ ኩኒ ሙክታር ለአጋዘኑ መጠለያ ተብሎ ተከልሎ ነበር። በ1983 ዓ.ም. መንግሥት ሲለወጥ ግን ሕግ ላልቶ አደኑና የደን ጭፍጨፋው በረታ፤ የአጋዘኑም ቍጥር እጅግ ተመናመነ። ስለዚህ ለዚያ ጓደኛችን የምንለው ይህ ነው። ማስማማት ያድናል፤ ነገር ግን የሚሸሸጉበት ደን እስካለ ድረስ ነው። ደኑ ሲያልቅ ሌሊቱ ብቻውን አይበቃም።

ተክለ ሐዋርያት የገንዘብ ሚኒስትር ከሆኑ በኋላ ሐምሌ 9 ቀን 1923 ዓ.ም. የተፈረመውን የመጀመሪያውን ሕገ መንግሥት አረቀቁ። ለአብነት የወሰዱት የጃፓንን ሕገ መንግሥት ነበር። ሥልጣኑ ሁሉ በንጉሠ ነገሥቱ እጅ የተጠቃለለበት፣ የሕግ መወሰኛ ምክር ቤቱ አባላት በንጉሡ የሚሾሙበት፣ የሕግ መምሪያው ደግሞ በመኳንንትና በሹማምንት የሚመረጥበት ሰነድ ነው። አንዳንድ ተማሪዎች ከዚህ ሲደርሱ እስስት ብለው ይፈርዱባቸዋል፤ በፋቡላ የነቀፉትን ዙፋን በሕግ ቀለም ቀቡት በማለት።

ነቀፋው ከንቱ ነው አንልም። ሰነዱ ለሕዝብ የሰጠው እጅግ ጥቂት ነው፤ እኛም ጥሩ ነው ብለን አንከራከርለትም። ዳሩ ግን ስድቡ ስለ እስስት ባለማወቅ የተነገረ ነው። እስስት ቀለሟን የምትለውጠው በአብዛኛው ለመደበቅ አይደለም። ሲበርዳት ሙቀት ለመሳብ ትጠቍራለች፤ ባላንጣ ሲመጣባት ደግሞ ከወትሮው ይልቅ ደምቃ ትታያለች። ቀለሟ መሸሸጊያ ከመሆን ይልቅ ንግግር ነው። የተክለ ሐዋርያትም መለዋወጥ እንዲህ ያለ ይመስለናል። የተገደበ ሕግ ካለ ሕግ ይሻላል፤ ጃፓንም በዚሁ ጀምራ ከፍ ብላለች ብለው አምነው ነበር፤ ብዙ የዘመናቸው ምሁራንም ከእሳቸው ጋር ነበሩ። ተሳስተው ይሆናል። የተሳሳተና የተደበቀ ግን አንድ አይደለም።

ይህንም ያሳዩበት ቀን መጣ። በጅሮንድ ተክለ ሐዋርያት ተብለው በአውሮፓ የኢትዮጵያ መልእክተኛ ሆኑ፤ በ1928 ዓ.ም. ኢጣልያ ስትወረንም በጄኔቫ በዓለም መንግሥታት ማኅበር ፊት የአገራቸውን ነገር አቀረቡ። ማኅበሩ ምን እንዳደረገ የታወቀ ነው። እሳቸውም የአውሮፓን ኑሮ ትተው ወደ ጦርነቱ ተመለሱ። በማይጨው ከደረሰው በኋላ ንጉሠ ነገሥቱ ወደ ውጭ አገር ይሂዱ ተብሎ ሲመከር፣ ተክለ ሐዋርያት ተቃወሙ፤ ንጉሥ ከአገሩ ሳይወጣ በዱር በገደሉ ሆኖ መዋጋት አለበት ብለው ተከራከሩ። በዚያች ሰዓት ከሁሉ ጋር መስማማት ቀላሉ ነገር ነበር። አልተስማሙም። ንጉሡ ሄዱ።

በመጨረሻ ግን እሳቸውም ተሰደዱ፤ ብዙ ዓመታትንም በማዳጋስካር ደሴት አሳለፉ። በዚህ ነገር የሚያሾፍባቸው አለ፤ እኛ ግን ለማሾፍ አንደፍርም። ማዳጋስካር አንበሳ፣ ጅብ፣ ዝንጀሮም የሌለባት ደሴት ናት፤ የአውሬዎች ኮሜዲያ ደራሲ ከተረታቸው ተዋንያን አንዱም የማይገኝበት አገር ገቡ ማለት ነው። በፈንታቸው በሌላ ዓለም የማይገኙት ሌሙሮች አሉ። ከነዚህም አንዱ ትንሽ ዐይነት ዝናብ ባለበት ወራት በጅራቱ ላይ ስብ ያከማቻል፤ ድርቁ ሲመጣ በዛፍ ቀዳዳ ገብቶ እስከ ሰባት ወር ይተኛል፤ የሚመገበውም ያንኑ ስብ ነው። ይህን የጠቀስነው ስደት ስንፍና ነው ለማለት እንዳልሆነ አንባቢ ይረዳልናል። አንዳንድ ዘመን በመተኛት ብቻ ይታለፋል፤ ከመተኛቱ በፊት የሰበሰቡት ነገር ካለ።

ኢትዮጵያ ነጻ ከወጣች በኋላ ወዲያው አልተመለሱም። በተመለሱ ጊዜም ወደ ቤተ መንግሥቱ አልተጠጉም፤ የቀድሞ ግዛታቸው ወደ ነበረችው ጨርጨር ወጥተው በሂርና ማረስ ጀመሩ። የተማሩት መድፈኛነት ነበር፤ የሠሩት ቴያትር፣ ከተማ፣ ሕግና ዲፕሎማሲ ነው፤ ያረፉት ግን በእርሻ ላይ ነው። ልጃቸው ግርማቸው አርአያ የተባለውን ልብ ወለድ ደርሰው ነበርና፣ የጽሕፈቱ ነገር ከቤቱ አልጠፋም። እሳቸውም የሕይወታቸውን ታሪክ ኦቶባዮግራፊ ብለው ጻፉ፤ ይህም ከሞቱ ብዙ ዓመታት በኋላ በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ፕሬስ ታትሞ ወጣ። በ1967 ዓ.ም. መስከረም የንጉሡን መውረድ አዩ፤ በ1969 ዓ.ም. ከዘጠና ዓመት በላይ ኖረው ዐረፉ።

ከኩመር ዝንጀሮዎች ያቈየነው ነገር ይህ ነው። አንድ ወንድ ዝንጀሮ ሲያረጅ እንስቶቹን ጐልማሶች ይነጥቁታል፤ ጋማው ይረግፋል፤ ከዚያ ወዲያ የሚጠብቀው ቤተ ሰብ የለውም። የዱር ሕግ ጨካኝ ነው ብለን ታሪኩን እዚህ ላይ ልንዘጋው እንችል ነበር። ነገር ግን ጠዋት መንጋው ከገደሉ ወርዶ በየት በኩል እንሂድ ብሎ ሲያመነታ፣ ጐልማሶቹ ወዲያና ወዲህ ጥቂት እየሄዱ ይቆማሉ፤ ወደ ሽማግሌውም ይመለከታሉ። ሽማግሌው ተነሥቶ ወደ አንድ ወገን ሲሄድ መንጋው ብዙ ጊዜ ይከተለዋል። ምክንያቱ የታወቀ ይመስላል፤ በድርቅ ዓመት ውሃ የተገኘበትን ስፍራ የሚያስታውሰው እርሱ ነው።

ተክለ ሐዋርያትን በሂርና ዘመናቸው ምን ያህል ሰው እየሄደ መንገድ እንደ ጠየቃቸው እኛ አንናገርም። ከጨርጨር የመጡት ጓደኞቻችን ግን በዚያ አገር እህል የዘራ ሰው ሁሉ ምን እንደሚያደርግ ነግረውናል። ማሽላው ሲያፈራ ቀን ከዝንጀሮ፣ ሌሊት ከከርከሮና ከጃርት ይጠበቃል፤ ማማ ላይ ተቀምጦ ወንጭፍ ማጮኽ፣ ጣሳ መደብደብ፣ ውሻ ማሰማራት ያስፈልጋል። ዝንጀሮው ከሳምንት በኋላ ጣሳውን ይለምደዋል። ያን ጊዜ ጠባቂው ሌላ ድምፅ ይፈልጋል። የአውሬዎች ኮሜዲያ ደራሲም በሂርና ዐራሽ ነበሩና፣ ከዚህ ሥራ ያመለጡ አይመስለንም።